የጓሮ ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ቆሞ የጠማው አቮካዶ

ሰላም ለናንተ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ነው የመጡት፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከቡራዩ፣ ከሰንዳፋ፣ ከአቃቂ ምናምን። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹን ብቻዬን መመለስ ስላቃተኝ ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጬ የሰፈራችን የአትክልት ክበብ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ይዣቸው ሄድኩ። ክበባችን እንግዲህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ረፋድ ላይ በየተራ አባል ቤት እንገናኛለን፣ ያው እንደ ማህበር በሉት ግን ጠላ የለም ቡና ብቻ ነው። አንድ ህግ አለን፣ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም፣ ይዞ ሚመጣው ደሞ ያማረለትን ሳይሆን የከሸፈበትን ነው። ነሐሴ ላይ የከሸፈ ነገር መቼም አይጠፋም! የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ የጠቆረ ቲማቲም፣ ቀንድ አውጣ የጨረሰው ሰላጣ፣ ሁሉም በየፌስታሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቡናው እስኪፈላ ስናገላብጠው ቆየን፣ የቤቱ ባለቤት "ኧረ ይሄን ጉድ ከረከቦቱ ራቅ አድርጉልኝ" እስክትል ድረስ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን፣ ኮዬ ፈጬ ነው ምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ሃስ ሚባለውን የተዳቀለ አቮካዶ ተክዬ ሁለት አመቱ ነው። በጋውን በጣም ያምር ነበር፣ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። የራበው መስሎኝ ሁለት እፍኝ ዩሪያ ጨመርኩለት፣ ባሰበት። አንድ ጎረቤቴ ደሞ ውሃ ጠምቶት ነው ይለኛል፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ እንዴት ነው ሚጠማው? ምን መድሃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ልክ ነው። ቤትህ ለስብሰባው ቅርብ ስለሆነ ደውለን አስፈቅደን ስድስት ሰው ቦት ጫማ አድርገን መጥተን አይተነዋል፣ አንተ የሆነውን ታውቀዋለህ፣ ለሌሎቹ አንባቢዎች ግን ልንገራቸው።

ጋሼ ብለን ምንጠራቸው ጡረታ የወጡ አባል አሉን፣ ምንም ሳይናገሩ አካፋ ተቀብለው ከግንዱ አንድ ክንድ ተኩል ራቅ ብለው መቆፈር ጀመሩ። ሃሳባቸው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ጨምረን በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ ለማየት ነበር፣ ግን መጨመርም አላስፈለገን፣ ገና ወደ 40 ሳንቲሜትር ሲደርሱ ከየጎኑ ራሱ ውሃው እየመነጨ ጉድጓዱን ሞላው። ከዛ የእርሳስ ቅጥነት ያላት አንዲት ስር ጎትተው አወጡና በሁለት ጣታቸው ሲያሻሿት ልጣጯ እንደ ጓንት ወልቆ በእጃቸው ቀረ፣ ከውስጥ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ነው። ሽታዋን አልነግራችሁም። ጤነኛ የአቮካዶ ስር ነጣ ያለ ነው፣ ይቺ ግን ከሰል ሆናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስር እንደኛ አየር ይፈልጋል፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ሲሞላ ይታፈናል፣ የታፈነ ስር ደሞ ውሃ መሳብ ያቆማል፣ ስለዚህ ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። በዛ ላይ አቮካዶን ሚገድል ፋይቶፍቶራ ሚባል ፈንገስ መሳይ ነገር አለ፣ ይሄ ፍጡር ዘሩ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ነው ከስር ወደ ስር ሚሄደው፣ የናንተ ግቢ ለሱ መዋኛ ገንዳ ሆኖለታል። ዩሪያው ደሞ የቀሩትን ስሮች አቃጠለ፣ የታመመ ሰው ጉሮሮ ላይ ክትፎ እንደመጠቅጠቅ ማለት ነው። በቃ አትድገመው።

መድሃኒት መርጨቱን ተወውና ውሃውን አስወጣው። ከቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ አንድ እርምጃ ወጣ ብለህ 40 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቅደድ፣ ግቢህ ወደሚያዘቀዝቅበት ይሂድ (ጎረቤትህ ግቢ እንዳትለቀው ብቻ፣ በቦይ ምክንያት ሁለት እድርተኞች ቀበሌ ድረስ ሲካሰሱ አይቻለሁ)። እስከ ጥቅምት ድረስ አዲስ እምቡጥ ካወጣ ተርፏል ማለት ነው፣ ካላወጣ ንቀለውና በሱ ቦታ ሌላ አቮካዶ አትትከል፣ በሽታው እዛው አፈር ውስጥ ይቆይሃል።

ለሚቀጥለው ደሞ አንድ ነገር ልብ በል። መረሬ (ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር) መሬት ላይ ብዙ ሰው ሚሰራው ስህተት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈርና በኮምፖስት መሙላት ነው። እኔም እንደዛ ነበር ምሰራው። ጥሩ አፈር ውሃ ያስገባል፣ ዙሪያው ያለው መረሬ ደሞ አያሳልፍም፣ ስለዚህ የሰራኸው ጉድጓድ ሳፋ ይሆናል፣ ችግኙን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈኸው ትገባለህ። መረሬ ላይ ወደ ታች መቆፈሩን ትተህ ወደ ላይ ከምር። 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ወደ 2 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ስራና ጉብታው ላይ ትከለው፣ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይሁን፣ ጭድ ጎዝጉዝበት ግን ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካው አንድ ስንዝር አርቀው። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ፣ እሳቸው የእነዋሪ ልጅ ናቸው፣ እዛ እኮ ገበሬው ከድሮ ጀምሮ መረሬውን በእጁ እየከመረ መደብና ቦይ እየሰራ ነው ስንዴውን ሚዘራው፣ ሴቱም ልጁም ወጥቶ ነው ሚሰራው፣ "እናንተ ከተሜዎች አሁን ነው የደረሳችሁበት?" አሉን።

የኔስ አፈር መረሬ ነው ወይ ለምትሉ፣ እፍኝ አፈር አርጥባችሁ እንደ ሊጥ አሹትና ጠቅልላችሁ ቀለበት ለመስራት ሞክሩ። ሳይሰነጠቅ ቀለበት ከሆነላችሁ ሸክላ የበዛበት ነው፣ ከፈረሰ አሸዋማ ነው። ለበለጠ ደሞ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ሲሶውን አፈር ጨምራችሁ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት፣ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሸክላው ግን በማግስቱም ውሃውን አደፍርሶት ታገኙታላችሁ። የኔ ሃይላንድ በሶስተኛው ቀንም አልጠራም ነበር፣ ልጄ ቡና በወተት ነው ብላ ለጓደኛዋ ልታጠጣት ስትል ደረስኩባት።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ። ክዳን ያለው በረንዳዬ ላይ በአንድ ባልዲ አራት አድርጌ የተከልኩት ቲማቲም በአንድ ሳምንት ውስጥ እሳት እንደነካው ሆኖ ደረቀ፣ እናቴ ምች መታው አለች። በጋ ላይ ደሞ ፍሬው ከታች በኩል ጠቁሮ ይበላሽብኝ ነበር፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ጨመርኩ አልተለወጠም። ሁለቱ አንድ በሽታ ነው?

መልስ፦ እናትሽ ትክክል ናት፣ ገበሬውም ምች ነው ሚለው፣ ዳማከሴ ግን አያድነውም የኔ ቆንጆ። ይሄ የቲማቲምና የድንች ምች ቅድም ያወራንለት የአቮካዶ ገዳይ የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱም ፋይቶፍቶራ ነው፣ ልዩነቱ ያኛው በስር ይሄኛው በቅጠል መግባቱ ነው። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹን አውድሞ ህዝቡን ለረሃብ የዳረገው ይሄው ነው፣ በቀላሉ አትዪው። ብርድና እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሁለቱንም በነፃ ታቀርብለታለች። ጠዋት ተነስተሽ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው፣ ቡናማው ጠቃጠቆ ዙሪያ ነጭ ጥጥ መሳይ ካየሽ እሱ ነው። የደረቀውን ቆርጠሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው።

በረንዳሽ ክዳን አለው ብለሻል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ነፋስ ያለው ዝናብ በጎን ይገባል፣ ባልዲውን ወደ ግድግዳው አስጠጊው፣ ስታጠጪ ደሞ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን፣ ከታች ያሉትን ቅጠሎች አንድ ስንዝር ያህል አራግፊያቸው አየር እንዲያልፍ። ከሁሉ ሚሻለው ግን ቲማቲምን ክረምት ላይ አለመታገል ነው፣ ዘሩን መስከረም ላይ አፍልተሽ ጥቅምት ላይ ባልዲ ውስጥ አዛውሪው። ክረምቱን ቆስጣና ሰላጣ ያሳልፉልሽ። ጓሮ ኖሯችሁ ድንች ምትተክሉ ደሞ ከሆለታ ምርምር የወጡትን ጉደኔንና በለጤን ጠይቁ፣ ምችን ከድሮዎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ፣ ቲማቲም አጠገብ ግን አትትከሏቸው።

የታችኛው መጥቆር ሌላ ነው፣ በሽታም አይደለም። ፍሬው ካልሲየም ሳያገኝ ሲቀር ነው ሚመጣው፣ ካልሲየሙ ደሞ ሚጓዘው በውሃ ነው፣ ውሃው ሲቆራረጥ ፍሬው ጫፍ ድረስ አይደርስም። አንቺ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው አይደል? ውሃ የመጣ ቀን ባልዲውን አጥለቅልቀሽ ከዛ አራት ቀን ረስተሽው ነው የጠቆረብሽ። የእንቁላል ቅርፊት ደሞ አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ቲማቲሙም አንቺም ታረጃላችሁ። ሃይላንድ ቂጡን ቆርጠሽ ክዳኑን በጋለ መርፌ ብሺውና ገልብጠሽ ባልዲው ውስጥ ትከዪው፣ በየቀኑ ሙዪው፣ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣልሻል። ባልዲው ባለ 20 ሊትር ይሁን፣ ታችኛው ይበሳ፣ አንድ ባልዲ አንድ ቲማቲም ብቻ። አራት ተክዬ ነበር ያልሽውን አንብቤያለሁ፣ እንዳላየ አልፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነኝ። አማቴ ለጓሮ ጎመን አመድ በትኚ ትለኛለች፣ አቃቂ ያለችው እህቴ ደሞ አመድ አፈሩን ገደለብኝ ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አማትሽን ስሚ፣ ሰላምም ታገኛለሽ። ስቀልድ አይደለም፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በቡራዩና በሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር አሲድ ይበዛዋል፣ አመድ እንደ ኖራ አሲዱን ይሰብረዋል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል፣ ጎመን ይወደዋል። የእህትሽ መረሬ ግን ብዙውን ጊዜ ሲጀመርም አሲድ የለበትም፣ እዛ ላይ አመድ ሲጨመር ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድና ተክሉ ብረትና ዚንክ መውሰድ ያቅተዋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። አንቺም ብትሆኚ በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በአመት አንዴ ይበቃሻል፣ የእንጨት አመድ ብቻ፣ ፌስታል ምናምን የተቃጠለበት አይሆንም። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር አትቀላቅዪው፣ ናይትሮጂኑ ተንኖ ይጠፋል፣ ያ አፍንጫ ሚሰነፍጠው ሽታ ገንዘብሽ ነው። በነገራችን ላይ ለክሽክሽም (ቅጠሉን ለሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት) አመድ ይበተናል፣ እኔ ግን ሳሙናን ነው ምመርጠው፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አመሻሽ ላይ የቅጠሉ ጀርባ ድረስ መርጨት፣ ከሶስት ቀን በኋላ መድገም።

ጥያቄ፦ ከገዛሁት የቲማቲም ዘር ካበቀልኩት ላይ ዘር ይዤ ብተክል ለምን እንደ መጀመሪያው አልሆነም? ከጎመንስ ዘር መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ፓኬቱን ፈልገህ እየው፣ ኤፍ 1 ሚል ካለበት ድቅል ነው፣ ልጆቹ አያታቸውን አክስታቸውን እየመሰሉ ይወጣሉ። ሀበሻ ጎመን ግን ይቻላል፣ አብዛኛውን ራሱን በራሱ ነው ሚያዳቅለው፣ አምስት ስድስት ጥሩ ጥሩ የሆኑትን ቅጠል ሳትቀነጥብ ተዋቸው፣ ቀድሞ ያበበውን ግን ለዘር አትያዝ፣ ቶሎ ሚያብብ ጎመን ነው ምታባዛው። በስብሰባው ላይ በጣም የሚፈለገው ነገርም ይሄው የጎመን ዘር ነው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደ እጣን ነው ሚዞረው።

ጥያቄ፦ አቃቂ ነው ቤታችን፣ በጋ ላይ ከወንዙ በጀሪካን እየቀዳን ሰላጣና ቆስጣ ብናጠጣ ችግር አለው? በደንብ አጥበን ነው ምንበላው።

መልስ፦ አዎ አለው፣ አታድርጉት። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካው ውሃ ነው ወደ አቃቂ ወንዝ ሚወርደው፣ በሱ በሚለማ አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየምና ሊድ ያሉ ከባድ ብረቶች በጥናት በተደጋጋሚ ተገኝተዋል፣ ቅጠላ ቅጠል ደሞ ከሌላው በላይ ይሰበስባቸዋል። ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ ማጠብ አያወጣውም፣ መቀቀልም አያወጣውም። ክረምቱን ከጣራ ሚወርደውን ሮቶ ውስጥ ያዙ፣ እሱ ካለቀ የእቃ ማለቅለቂያ ውሃ እንኳን (ሳሙና ያልበዛበት) ከወንዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሌማት ትሩፋት በ2015 ህዳር ላይ ከተጀመረ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም ሰው ጓሮ ይዟል፣ እኛም አስራ አንድ ሆነን ክበብ ጀመርን፣ ግን ሶስተኛው ወር ላይ የቡና ወሬ ሆነና ሰው ቀረ። እናንተ እንዴት ዘለቃችሁ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ የኛም መጀመሪያ ላይ እንደዛው ነበር። ሁሉም የቆንጆ ጎመኑን ፎቶ በስልኩ እያሳየ "እግዚአብሔር ይመስገን ዘንድሮ ጥሩ ነው" ይላል፣ ከዛ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራና ይበተናል። የተለወጠው አንዲት እትዬ ምንላት አባል የሞቱ የካሮት ችግኞች በሰሃን ይዛ መጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ነው፣ "ሶስተኛዬ ነው፣ ወይ ንገሩኝ ወይ ተውኩት" አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ካሮት ተከራከርን፣ ለካ እያፈላች ነበር ምታዛውረው፣ ካሮት ደሞ መዛወር አይወድም፣ ስሩ ይጣመማል፣ እዛው ሚያድግበት ነው ሚዘራው። ከዛ ቀን በኋላ ህግ አደረግነው፣ የከሸፈውን አምጡ አልን። ሰው ያማረለትን ሲያሳይ ሌላው ዝም ይላል፣ የሞተ ነገር ሲያይ ግን ሁሉም አፍ አለው።

ሌላው፣ መዋጮ አታብዙ፣ እኛ ምናዋጣው ለቡናና ለስኳር ብቻ ነው፣ ብር ሲበዛ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይመጣል፣ ከዛ ሂሳብ ይመጣል፣ ከዛ ኩርፊያ። እና ተቀምጣችሁ አትዋሉ፣ ከቡናው በኋላ የቤቱን ጓሮ ዞራችሁ እዩ፣ ባለቤቱ ምን እንደሚያፍርበት ሂዱና እሱ ጋ ቁሙ። በአመት አንዴ ደሞ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እንሄዳለን፣ 705 ሄክታር ነው፣ ሀገር በቀሉን ሁሉ እዛ ታገኙታላችሁ፣ ኮሶን ግቢ ውስጥ ለመትከል ሚያስብ አባላችን ዛፉ ምን ያህል እንደሚሆን እዛ ሄዶ አይቶ ነው ሃሳቡን የቀየረው።

ጥያቄ፦ ከሰንዳፋ ነው። ነጭ ሽንኩርቴ ቢጫ ሆነ፣ ስነቅለው ስሩ በስብሶ ነጭ ሻጋታ አለው፣ ሻጋታው ላይ ደሞ ጥቃቅን ጥቁር ነገር አለ። እሱም ውሃ በዝቶበት ነው? ቦይ ብቀድ ይድናል?

መልስ፦ አይድንም፣ ይቅርታ። የውሃ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። እነዛ ጥቁር ፍሬ መሳዮች ካሉ ነጭ ብስባሽ ሚሉት በሽታ ነው፣ ጥቁሮቹ ዘሩ ናቸው በለው፣ አፈር ውስጥ ተኝተው 20 አመትና ከዛ በላይ መጠበቅ ይችላሉ፣ የሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል ስር ሲሸታቸው ይነሳሉ። መድሃኒት ሻጭ አለ ቢልህ ብርህን ያዝ።

ይሄን በሽታ ከየት እንደማውቀው ልንገርህ። ከሶስት አመት በፊት ለወጥ ከገበያ ከገዛሁት ነጭ ሽንኩርት ላይ ወፈር ወፈር ያለውን መርጬ ተከልኩት፣ ለምን ዘር ተብሎ ሚሸጠውን በውድ እገዛለሁ ብዬ። ነሐሴ ላይ ያንተን አይነት ሆነ። ይባስ ብዬ የበሰበሰውን ነቅዬ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፣ በሚቀጥለው አመት ኮምፖስቱን ለሁሉም መደብ በተንኩት፣ አሁን ግቢዬ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሚበቅልበት ቦታ የለም። በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ሁሉም ከጓሮው አንድ አንድ ፌስታል አፈር ይዞ ይምጣ ሲባል የኔን ፌስታል ሶስቴ ቋጥሬ ነው የሄድኩት፣ ማንም እንዳይፈታውም በእስኪርቢቶ ጻፍኩበት፣ ሲያልቅም መልሼ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

አንተ ገና አንድ መደብ ላይ ከሆነ እድለኛ ነህ። የበሰበሰውን ከነአፈሩ አንስተህ ከረጢት ውስጥ ከተህ ቆሻሻ ጋ አስወጣው፣ ያን መደብ የቆፈርክበትን አካፋና የጫማህን ሶል አጥበህ ነው ወደ ሌላው ምትሄደው፣ ውሃው ከዛ መደብ ወደ ጎረቤቱ መደብ እንዳይወርድ ደሞ ቦይ ቅደድ፣ ለሱ ለሱ ቦዩ ይጠቅምሃል። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮም ቢሆን እዛ ላይ እንዳትመልስ። ሌላው ሁሉ ይሆናል፣ እኔ ዘንድሮ ካሮት ዘርቼበታለሁ፣ እዛው ነው የዘራሁት፣ ሳላፈላ።